ቀጠሮውን ይያዙ፣ የቀረውን እናመቻቸዋለን

ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቁጭ ብዬ ልነጋገር ብለው ከወሰኑ ትልቁን ሥራ ሠርተዋል። እንኳን ደስ አለዎት! ይህን የምለው ለማባበል አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባልን ብናድግም፣ የጨጓራችንን ነገር ለጎረቤት ሁሉ እያወራን የልባችንን ግን ለእናታችንም ሳንነግር እንከርማለን። ያንን ዝምታ መስበር ወኔ ይጠይቃል። ወኔው እንዳለዎት ደግሞ ውሳኔዎ ራሱ ይመሰክራል።

አሁን የቀሩት ጥያቄዎች ተራ የሚመስሉ ናቸው። የት ቁጭ ብዬ ላውራ? ማን ይሰማኛል? ስንት ይፈጅብኛል? በየትኛው ቋንቋ? ባለሙያውን ገበያ መሀል ባገኘው ምን ልበለው? ተራ ይምሰሉ እንጂ ሰውን ከመንገድ የሚያስቀሩት እነዚህ ናቸው ብዬ አምናለሁ። በሙሉ ልቡ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ሳምንት የሚጠፋው ሁልጊዜ ንግግሩ ስላልረዳው አይደለም። ዝናብ ሲጥል ስልኩ አልሰማ ስላለው፣ ወይም ክፍያው ከደመወዝ ቀን ጋር አልገጥም ስላለው ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ መላ አለ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዝግጅት እናውራ፤ ያውም አሶሳ፣ ባምባሲ ወይም ኩርሙክ ሆኖ ስለሚደረግ ዝግጅት።

ከዚያ በፊት ግን ልብ የሚያሞቅ ነገር ልንገርዎ። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከአሶሳ የተነሣ ታማሚ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በመንዲና በነቀምቴ አልፎ፣ እዚያው መርካቶ አካባቢ ካለው ግቢ መድረስ ነበረበት። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። አሥራ አንድ፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ! ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዳዲስ ሐኪሞች ይመረቃሉ፤ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ያስተምራሉ፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችም ድብርትንና ሌሎች የአእምሮ ሕመሞችን ለይተው እንዲረዱ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይሠለጥናሉ። በዚህ ላይ ስልክና ኢንተርኔት ተጨመሩ። ዛሬ የአሶሳ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር ይነጋገራል። እናትና አባታችን ያላገኙት በር ተከፍቶልናል፤ እንግባበት!

የመጀመሪያው ሥራ ማንን እንደሚፈልጉ ማወቅ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ሰዉ ሳይካትሪስት የሚለው፣ በሕክምና ተመርቆ በዘርፉ ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሳይኮሎጂስት በንግግር ይረዳል፤ መድኃኒት አያዝዝም። በክልል ከተሞች ደግሞ የአገልግሎቱን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና በማስተርስ ደረጃ የተማሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ እነሱን አይናቁ። አንዳንድ ሰው ሁለት ዓይነት እርዳታ ባንድ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ከአንዱ መድኃኒት ይወስዳል፣ ከሌላው ጋር ይነጋገራል። ሁለቱ እርስዎን እንደሚያዩ እርስ በርሳቸው ቢያውቁ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። እኔ አነቃቂ ጽሑፍ የምጽፍ ሰው ነኝ። ጽሑፌ ያበረታዎት ከሆነ ደስታዬ ነው፤ ሕክምና ግን አይደለም። መድረክ ላይ የሚናገር፣ በቲክቶክ የሚመክር፣ ራሱን «ላይፍ ኮች» ብሎ የሚጠራ ሰውም በዚህ ብቻ ቴራፒስት አይሆንም። ስለዚህ ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፦ የት ተማሩ? በምን ተመረቁ? የሙያ ፈቃድ አለዎት? እንደ እኔ ዓይነት ችግር ያለበት ሰው ረድተው ያውቃሉ? በሥራው የሚተማመን ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ከተቀየመ ስልኩን በትሕትና ዘግተው ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ፍለጋውን ከቅርብ ይጀምሩ። አሶሳ አጠቃላይ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ በግል የሚያማክር ባለሙያ ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆኑ በተማሪዎች አገልግሎት በኩል በነፃ የሚሰጥ ምክር መኖሩን ሳያጣሩ ወደ ግል አይሂዱ። በሸርኮሌ፣ በቶንጎ፣ በባምባሲና በጾሬ የስደተኛ መጠለያዎች የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች ሠርተዋል፤ እዚያ የሠሩ የአካባቢው ልጆች ማን ምን እንደሚያውቅ ይነግሩዎታል። ከአሶሳ ውጪ ማማተር ካስፈለገዎ አዲስ አበባ የሚገኙ የግል ክሊኒኮች በስልክና በቪዲዮ ይሠሩ እንደሆነ ደውለው ይጠይቁ። ለሌላ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀጠሮ በአካል፣ ቀሪውን በስልክ ቢያደርጉት እጅግ ጥሩ ነው። ፊቱን አንድ ጊዜ ያዩትን ሰው ከዚያ በኋላ በስልክ ማዋየት ይቀላል።

ደግሞ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አንድ የጤና ምርመራ ያድርጉ። በእኛ ክልል ራስ ምታትና ድካም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ተመርምሮ ነፃ ቢባልም ድካሙ ካልለቀቀ ሰው ግራ ይጋባል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድብርትና ጭንቀት የሚመስል ስሜት ያመጣሉ፤ እንቅርት ደግሞ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ሰውነትዎን ያስመርምሩ፣ ውጤቱን ይያዙ፣ ለቴራፒስቱ ይንገሩ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አሶሳ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ በረከቷም ፈተናዋም ይኸው ነው። የሚያዩት ባለሙያ የእህትዎ አስተማሪ፣ የባለቤትዎ የሥራ ባልደረባ ወይም የዕድራችሁ አባል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለትልልቅ ከተሞች የተጻፈ ምክር «የሚያውቁትን ሰው አይምረጡ» ብሎ ያልፋል፤ እዚህ ግን ጨርሶ የማያውቁት ሰው ላያገኙ ይችላሉ። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ አለቃ ወይም እርስዎ የሚያስተዳድሩት ሠራተኛ ከሆነ ይተዉት። ከዚያ የራቀ ትውውቅ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ቀን ግንኙነቱን ፊት ለፊት አንሥተው ይነጋገሩበት። «ባለቤቴን ያውቋታል፤ ይህ ያስቸግር ይሆን?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ ራሱ ያስቸግራል ካለ ወደ ሌላ ይመራዎታል።

ሰላምታ ትልቅ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር የሚያውቁትን ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ያስቀይማል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ይስማሙ፦ መንገድ ላይ ስንገናኝ ማን ቀድሞ ሰላም ይበል? አብሮኝ ያለው ሰው «ማን ነው እሱ?» ቢለኝ ምን ልመልስ? ብዙ ቴራፒስቶች ደንበኛው ቀድሞ ሰላም ካላለ በቀር ሰላም አይሉም። ይህ ንቀት አይደለም፤ ምስጢር ጥበቃ ነው። ይህን ሳያውቁ ቅዳሜ ገበያ ላይ ባለሙያው ሳያናግርዎ ቢያልፍ «ምን አደረግሁት? ታሪኬን ከሰማ በኋላ ናቀኝ?» ብለው ቤትዎ ይገቡና ሌሊቱን ሲብሰለሰሉ ያድራሉ። ቀድሞ መነጋገር ከዚህ ሁሉ ያድንዎታል።

ቡናውም ልቅሶውም እንዲሁ ነው። ሰው ልብዎን ከሰማልዎት በኋላ ቤትዎ ጠርተው ቡና ቢያጠጡት፣ የማንጎ ወቅት ሲሆን አንድ ከረጢት ቢልኩለት ደስ ይልዎታል፤ ወጋችን ነው። ባለሙያው ግን በትሕትና «ይቅርብኝ» ሊል ይችላል። ዘመድ ሞቶብዎ ልቅሶ ላይ ላያዩትም ይችላሉ። አይቀየሙ። ያ ሰው ለእርስዎ የሚጠቅመው ከዘመድ ዝምድና፣ ከጎረቤት ውለታ ውጪ ሆኖ ስለሚሰማዎት ነው፤ ነገ ብድር የሚጠይቅዎት ወይም በሽምግልና የሚቀመጥብዎት ሰው ቢሆን ያንን ሁሉ አይነግሩትም ነበር። በተቃራኒው፣ ገንዘብ አበድሩኝ የሚል፣ ከክፍሉ ውጪ ለብቻችን እንገናኝ የሚል፣ ስለ ሌላ ደንበኛው በስም የሚያወራልዎት ባለሙያ ካጋጠመዎት ያንኑ ዕለት ይተዉት። የሌላውን ያወራልዎት የእርስዎንም ያወራል።

ምስጢር እስከ ምን ድረስ እንደሚጠበቅም ይጠይቁ። በሙያው ሥነ ምግባር የሚናገሩት ከእርስዎና ከባለሙያው አይወጣም፤ ራስዎን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት የቆረጡ ከሆነ ወይም ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነ ግን ባለሙያው ሌላ ሰው ሊያሳትፍ ይችላል። ማስታወሻ ይጽፋሉ? የት ይቀመጣል? ቤተሰቤ ደውሎ ቢጠይቅዎት ምን ይላሉ? እነዚህን መጠየቅ መብትዎ ነው። ከእርስዎ በኩል ደግሞ የስልክዎን ጉዳይ ያስቡ። ስልኩን ልጆች የሚነኩት ከሆነ የይለፍ ቁጥር ያስገቡበት። በቴሌብር ሲከፍሉ የተቀባዩ ስም ያለበት መልእክት ስልክዎ ላይ እንደሚቀር አይርሱ፤ ማንም እንዲያየው ካልፈለጉ ያጥፉት።

የት ቁጭ ብለው እንደሚያወሩ አሁኑኑ ይወስኑ። የቀርቀሃ አጥር እይታን እንጂ ድምፅን አያስቀርም፤ ግቢ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር የተናገሩት ነገር ጎረቤት ሊደርስ ይችላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ክረምቱ አለ። አሶሳ ላይ ከግንቦት ጀምሮ ዝናቡ ሲበረታ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆኖ ስልክ ማውራት አይቻልም፤ እንኳን ልብን ማካፈል «ሃሎ» ማለትም ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ ዝናቡ በብዛት የሚጥልበትን ሰዓት አይተው ቀጠሮዎን ከዚያ ያሽሹ። ከሥራ በኋላ ባዶ የሚሆን ቢሮ፣ የሚያምኑት ጓደኛ ቤት፣ የቆመ መኪና፣ ካልሆነም ለአንድ ሰዓት የሚከራዩት የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ያገለግላል። ሁለት ቦታ ያዘጋጁ፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይኖራል። የጆሮ ማዳመጫ ይግዙ፤ እርስዎ የሚሉትን ቢሰሙ እንኳ ባለሙያው የሚልዎትን አይሰሙም። ስልኩን ከመብራት መቋረጥ በፊት ቻርጅ ያድርጉ። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል፣ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቁ፣ የጠፋው ደቂቃ ይካካስ እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። ቪዲዮው ካስቸገረ በድምፅ ብቻ ይቀጥሉ፤ አንዳንድ ሰው ፊቱ ሳይታይ የበለጠ ይናገራል።

ለቤተሰብ ምን ይላሉ? ሁሉንም መናገር ግዴታ የለብዎትም። «ሐሙስ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የማልነካበት ጉዳይ አለኝ» ማለት ይበቃል። ቢቻል ግን አንድ ሰው፣ የሚወድዎት አንድ ሰው፣ ቢያውቅ መልካም ነው። ልጆቹን ለአንድ ሰዓት የሚይዝልዎት፣ ከባድ ቀን ሲገጥምዎ «ዛሬስ እንዴት ነህ?» የሚልዎት ሰው የሕክምናው ግማሽ ነው።

ቋንቋ ሌላው ትልቅ ነገር ነው። የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ግን የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ኦሮምኛና ዐረብኛም በየቤቱ አለ። ራስዎን ይጠይቁ፦ ስጸልይና ሳለቅስ በምን ቋንቋ ነው? በዚያ ቋንቋ የሚሰማዎት ባለሙያ ካገኙ እሰየው። ካላገኙ በአማርኛ እያወሩ፣ አንዳንድ ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋዎ ብቻ የሚወጣልዎት ሲሆን እንዳመጣልዎት ይበሉት፤ ባለሙያው ትርጉሙን ይጠይቅዎታል። አስተርጓሚ ካስፈለገ ልጅዎን ወይም የአጎትዎን ልጅ አያድርጉ። ልጅ የእናቱን ሕመም መሸከም የለበትም፤ እናትም በልጇ ፊት እውነቱን ሁሉ አታወጣም። ሴት ከሆኑና ለሴት መናገር የሚቀልዎት ከሆነ፣ ወይም የባለሙያው ዕድሜ የሚከብድዎት ከሆነ ይህንንም ሳያፍሩ ይጠይቁ። ሽበት ያወጣ ሰው በልጁ ዕድሜ ላለች ባለሙያ ስለ ትዳሩ መናገር ሊከብደው ይችላል፤ ሰውኛ ነገር ነው።

ስለ ገንዘብ አጭር ልሁን፤ ግን አይዝለሉት። የአንዱን ቀጠሮ ዋጋ ብቻ አይጠይቁ። በወር ስንት ጊዜ፣ ለስንት ወር እንደሚሆን ግምት ይጠይቁና ያባዙት፤ ትራንስፖርቱንና የስልክ ፓኬጁን ይደምሩበት። ቢቀሩ ክፍያ ይኖር እንደሆነ ይወቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድዎ የግል ቴራፒስትን ይሸፍናል ብለው አያቅዱ፤ ለመንግሥት ጤና ተቋም ግን ይዘውት ይሂዱ። በየሳምንቱ መክፈል ካልቻሉ «በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሁንልኝ» ወይም «አቅሜ ይህን ያህል ነው» ይበሉ። ብዙ ባለሙያ ዋጋ ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም። ሦስት ጊዜ ሄዶ በዕዳ ከማቆም በየአሥራ አምስት ቀኑ ለስድስት ወር መዝለቅ ይሻላል። ጭራሽ አቅም ከሌለ ደግሞ ተስፋ አይቁረጡ። በዚምባብዌ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴት አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያዋዩታል። ውጤቱ በጥናት ተፈትሾ እንደሚረዳ ታይቷል። በጥሩ ሁኔታ የሠለጠነ ሰው፣ ዲግሪው ረዥም ባይሆንም፣ ሊረዳዎት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የጤና ጣቢያዎን በር ያንኳኩ።

የመጀመሪያው ቀን ደረሰ እንበል። ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ባለሙያው «እንዴት ነዎት?» ይልዎታል። እርስዎም እንደ ልማዳችን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ግን ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ከቤትዎ ተዘጋጅተውበት ይሂዱ። ለምሳሌ፦ «ከአራት ወር ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ፣ ሥራዬን አልወደውም፤ ይህ እንዲለወጥ እፈልጋለሁ።» ሦስት መስመር ይበቃል። በወረቀት ጽፈው ቢያነቡትም ማንም አይስቅብዎትም። ታሪክዎን ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ቀን መጨረስ የለብዎትም። በተለይ በመተከል ወይም በካማሺ ግጭት የተፈናቀሉ፣ ሰው ያጡ፣ አስከፊ ነገር ያዩ ከሆነ፣ ዝርዝሩን በመጀመሪያው ቀን እንዲያወጡ ማንም ሊያስገድድዎት አይገባም። «ስለዚያ ለመናገር ገና ነኝ» ማለት ሙሉ መልስ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የመጡትን ሲቀበሉና ሲያክሙ የከረሙ ነርሶች፣ መምህራንና የእርዳታ ሠራተኞችም እዚህ ውስጥ ናችሁ፤ የሌላውን ሲሰማ የኖረ ጆሮም የሚሰማው ይፈልጋል።

ጫት የሚቅሙ፣ አረቄ የሚያዘወትሩ ከሆነ መጠኑን እውነቱን ይናገሩ። እንቅልፍዎንም ጭንቀትዎንም የሚነካ ነገር ስለሆነ ባለሙያው ሳያውቅ በትክክል ሊረዳዎት አይችልም። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ ይዘርዝሩ።

እምነትዎን በር ላይ ጥለው መግባት የለብዎትም። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ፣ ሼኩ ቁርኣን የሚቀሩልዎት ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚጸለይልዎት ከሆነ ይንገሩት። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተግባብተው ታማሚውን አብረው የሚረዱበት አሠራር ታይቷል፤ ሁለቱ የግድ አይጣሉም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ ውሳኔ ድንገት አያቁሙ። በረመዳን ወይም በጾም ወራት የሚወስዱበት ሰዓት የሚያስቸግር ከሆነ ሐኪሙ ያስተካክልልዎታል።

ከቀጠሮው በኋላ ሊደክምዎት ይችላል፤ ያልታሰበ እንባም ይመጣል። በዚያው ሰዓት ስብሰባ፣ የገንዘብ ክርክር ወይም የቤተሰብ ጠብ የሚጠብቅዎት አይሁን። ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ የቀረልዎትን አንድ ሐሳብ በደብተር ይጻፉ። የቤት ሥራ ከተሰጠዎት፣ ለምሳሌ በየማታው የእንቅልፍ ሰዓትዎን መመዝገብ፣ ያድርጉት። ለውጡ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በቀጠሮና በቀጠሮ መሀል ነው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰሙ፣ ለቀናት ምግብና እንቅልፍ ካጡ፣ ያንኑ ሰዓት ከሚያምኑት ሰው ጋር ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቤት ውስጥ ያለውን ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ መሣሪያ ካለም መሣሪያውን፣ ሌላ ሰው ያርቅልዎት። እንዲህ ያለው ሐሳብ ሰውን ይይዛል፣ በእርዳታም ይለቃል፤ ከዚያ ወጥተው ዛሬ በደስታ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? እንደ ችግሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው በጭንቀትና በችግር ውስጥ ላሉ ሰዎች የሚሰጥ አጭር እርዳታ አለ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ፣ አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ሐሳብንና ድርጊትን በመለወጥ ላይ የሚያተኩረው ቴራፒ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ሥር የሰደደ ነገር ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ቆም ብለው ይመዝኑ፦ እየሰማኝ ነው? ከእሱ ጋር ስሆን እውነቱን እናገራለሁ? የጀመርንበት ችግር ትንሽም ቢሆን ፈቀቅ ብሏል? በደንበኛውና በባለሙያው መካከል ያለው መተማመን ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ስለዚህ ስሜትዎን ችላ አይበሉት።

እዚህ ላይ ባህላችን ሊይዘን ይችላል። ሐኪም እናከብራለን፣ የተማረ ሰው ፊት «አልተስማማኝም» ማለት ይከብደናል፤ ከመናገር ይልቅ ስልክ አለማንሳትን እንመርጣለን። እርስዎ ግን ይናገሩት። «ያለፈው ሳምንት የሰጡኝ ምክር ለእኔ ኑሮ አልሆነም» ሲሉት ደስ የሚለው ባለሙያ ጥሩ ባለሙያ ነው። ካልሆነም «አመሰግናለሁ፣ ሌላ ሰው ልሞክር፤ የሚያውቁት ካለ ይጠቁሙኝ» ብለው ይሰናበቱ። አንዱ አልሆነም ማለት ቴራፒ አይሆንልኝም ማለት አይደለም። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ደግሞ ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ፤ ከዜሮ አይነሡም።

ሲሻልዎትም እንዲሁ በዝምታ አይጥፉ። «ተሽሎኛል፣ እንጨርስ» ብለው አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ይያዙ። በዚያ ቀን ሁለት ነገር ከባለሙያው ጋር ይጻፉ፦ ሕመሙ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታይብዎት ምልክት ምንድን ነው፣ ያ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገርስ? አንዱን ቅጂ የሚያምኑት ሰው ይያዝልዎት። ከሦስት ወር በኋላ ለአንዲት አጭር ቀጠሮም ቀን ይቁረጡ፤ ያችን ቀን ስልክዎ ላይ አስታዋሽ ሞልተውባት ይውጡ።